«ስሙ ማን ነው?» ብላ ለጠየቀች ልጅ እናት

ጥያቄ፦ «ውድ አዘጋጅ፣ የ36 ዓመት ሴትና የአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ልጄን ገላዋን ሳጥባት ብልቷን በጣቷ እያመለከተች ‹ይሄ ስሙ ማን ነው?› አለችኝ። አፌን ሳልከፍት አብራን የምትኖረው እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ሰምታ ‹ነውር ነው! ሁለተኛ እንዳትጠይቂ!› ብላ ጮኸችባት፤ ልጄም ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትታጠብ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። እናቴን ለምን እንደተቆጣቻት ስጠይቃት ‹ዝም አይነቅዝም፤ እኔስ ላንቺ መቼ ነገርኩሽ? ምን ጎደለብሽ?› አለችኝ። የጎደለብኝን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከውጭ በኩል፣ በተለይ ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክ ሕመም ጀመረኝና ሐኪም ፊት ስቀርብ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ‹ማኅፀኔን ያመኛል› አልኩ። አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ፤ ማኅፀንሽ ደኅና ነው ተባልኩ፤ ተመልሼም አልሄድኩ። እስከ ዛሬ የፈንገስ ቅባት እየገዛሁ እቀባለሁ፤ ሕመሙ ግን አልተወኝም። ካነሣሁት አይቀር፣ የውስጠኛው ከንፈር አንዱ ከሌላው ረዝሞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጉድለት ያለብኝ እየመሰለኝ ከባለቤቴ እንኳ በጨለማ ተደብቄ ኖሬአለሁ። ለልጄ ምን ብዬ ልመልስላት? በየትኛው ቃል? እናቴንስ እንዴት አድርጌ ላስረዳት?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

እናትዎ «ምን ጎደለብሽ?» ላሉት ጥያቄ መልሱን እርስዎው ጽፈውታል፤ የሁለት ዓመት እንቅልፍ ጎድሎብዎታል። ስለዚህ ወደ ልጅዎ ጥያቄ ከመሄዴ በፊት በእርስዎ ሕመም ልጀምር። ሐኪሙ የነገሩትን ሰምቶ የነገሩትን መርምሯል። ማኅፀን ከሽንት ፊኛ በስተኋላ የሚገኝ፣ ፅንስ የሚያድግበት የውስጥ አካል ነውና በአልትራሳውንድ ታይቶ ደኅና መሆኑ አያስገርምም። የሚያሳክክዎት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ በዓይን የሚታይ ቆዳ ነው። ብዙ ሴቶች ውጫዊውን አካል በስሙ መጥራት ሲያቅታቸው «ማኅፀን» የሚለውን ቃል ይዋሳሉ፤ እናትነትን የሚያስታውስ የተከበረ ቃል ስለሆነ ሰው ፊት ቢጠራ አያሳፍርም። የተዋሱት ቃል ግን ሐኪሙን ወዳላመመዎት ቦታ መራው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያልታየን ሕመም ስም ልሰጠውም አልችልም። ሆኖም በዚያ አካባቢ ያለ ማሳከክ ሁሉ ፈንገስ አለመሆኑን ማወቅ ይገባዎታል። ለምሳሌ ላይከን ስክሌሮሰስ የሚባል የቆዳ ሕመም አለ፤ ቆዳውን ነጣ ያለና ስስ ያደርገዋል፣ ሌሊት አጥብቆ ያሳክካል፣ ሲቆይም ጠባሳ እየሠራ የአካሉን ቅርጽ ይለውጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። የፈንገስ መድኃኒት አያድነውም፤ የሚታከመው ሐኪም በሚያዘው ጠንካራ የኮርቲኮስቴሮይድ ቅባት ሲሆን፣ ሳይታከም ከቀረ በጥቂት ሴቶች ላይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። የእርስዎ ይህ ላይሆን ይችላል፤ ለሳሙና ወይም ለራሱ ለሚቀቡት ቅባት የተቆጣ ቆዳም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን አንድ ሐኪም በብርሃን ሲያየው ብቻ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት እናትዎም ሳያውቁት አይቀሩም።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ የያዘኝ እሱ ነውና። ይህን አካል በአማርኛ በጨዋ ቋንቋ መጥራት ሲያስፈልግ ከምናገኛቸው ቃላት አንዱ «ሀፍረተ ሥጋ» ነው። ቃሉን ቀስ ብለው ያንብቡት፤ የሥጋ ሀፍረት ማለት ነው። አካሉን ሳናውቀው ማፈርን አብረን እንማራለን። ይህ የእኛ ቋንቋ ጠባይ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ የሕክምና ቋንቋ የሆነው ላቲንም ለዘመናት ይህንኑ አካል «ፑደንዱም» ብሎ ሲጠራው ኖሯል፤ ትርጉሙም «ሊታፈርበት የሚገባ ነገር» ማለት ነው። ቃሉ ሲጀመር ለወንድም ለሴትም ያገለግል ነበር፤ እያደር ግን ከወንዱ ላይ ተነሥቶ በሴቷ ላይ ብቻ ቀረ። የዓለም የአካል ጥናት ሊቃውንት ከይፋዊ የስያሜ መዝገባቸው የሰረዙት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ በዚያው አካባቢ የሚያልፈው ነርቭ ግን እስከ ዛሬ በዚሁ በሀፍረት ስም ይጠራል። ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ የሚጠራበት «ቫጃይና» የሚለው ቃል ደግሞ በላቲን የሰይፍ ሰገባ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነና ከየትኛው ወገን ቆሞ እንደተመለከተው ከቃሉ መረዳት አያዳግትም።

ሀፍረቱ በስም ብቻ አልቆመም፤ ዓይንንም ጋርዷል። እ.ኤ.አ. በ1559 ሪያልዶ ኮሎምቦ የተባለው ጣሊያናዊ የአካል ጥናት መምህር ቂንጥርን አገኘሁ ብሎ ጻፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ገብርኤሌ ፋሎፒዮ የለም፣ መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ አለ፤ የሁለቱም ታላቅ የነበረው አንድሬያስ ቬሳሊየስ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በጤነኛ ሴት ላይ አይገኝም ብሎ ተቃወመ። (ሴቶቹን የጠየቀ እንደሌለ ልብ ይበሉ።) ጀርመናዊው ጌኦርግ ኮቤልት እ.ኤ.አ. በ1844 አካሉን ከነውስጥ ክፍሉ በጥንቃቄ ስሎ አሳየ፤ ሥራው ግን በብዙ የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ ሳያገኝ ቀረ። አውስትራሊያዊቷ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ሄለን ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው ጥናት የምናየው ጫፍ የአካሉ ትንሹ ክፍል ብቻ መሆኑን፣ አብዛኛው በውስጥ በኩል በሁለት ወገን ተዘርግቶ እንደሚገኝ አስረግጣ አሳየች። ሰው ጨረቃን ከረገጠ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከዚህ የባሰው የነርቮቹ ነገር ነው፤ ለብዙ ዓመታት «ስምንት ሺህ የነርቭ ክሮች አሉት» እየተባለ ሲጻፍ የኖረው ቁጥር ምንጩ ሲፈለግ ከከብት ላይ የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። በሰው አካል ላይ በአግባቡ ተቆጥሮ ውጤቱ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ ቁጥሩም ከአሥር ሺህ በላይ ሆነ።

ይህን ሁሉ የማወራልዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራቸው አካልን ከፍቶ ማየት የነበረ ሊቃውንት ያላዩትን፣ ማንም ያልነገራቸው እናትዎ አያውቁም ብለን ልንፈርድባቸው አይገባም። እሳቸው የተቀበሉትን ነው ያስተላለፉት። የተቀበሉት ነገር ላይ ግን ልንነጋገርበት የሚገባ አንድ ስሕተት አለ፤ እሱም ገመናን ከነውር ጋር አንድ ማድረግ ነው።

ገመና የራሴ የምለው፣ ማን እንዲያየው እንደምፈቅድ እኔ የምወስንበት ነገር ነው። ነውር ግን ራሱ ክፉ የሆነ፣ መኖሩም ሊነገር የማይገባው ነገር ነው። ብልት ገመና ነው፤ ነውር አይደለም። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው የሚከተለውን ያስብ። ብልቷ ገመናዋ እንደሆነ የተማረች ልጅ አንድ ሰው ያለ ፈቃዷ ቢነካት የተደፈረው የእሷ ንብረት፣ ጥፋተኛውም ደፋሪው እንደሆነ ይገባታል፤ መጥታም በስሙ ጠርታ ትናገራለች። ነውር እንደሆነ የተማረች ልጅ ግን ነውሩ የእሷ ስለሚመስላት ትደብቃለች፤ ልናገር ብትል እንኳ ቃል የላትም፣ «እዚያ ጋ» ብትል አዋቂው ላይረዳት ይችላል። የሕፃናት ሐኪሞች ወላጆች የብልትን ትክክለኛ ስም ለልጆች እንዲያስተምሩ አጥብቀው የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። ልጅዎ ጀርባዋን መስጠቷ ያሳዘነኝም ለዚህ ነው፤ በአንድ ጩኸት ከገመና ወደ ነውር ተሻግራለች። ስምንት ዓመቷ ነውና መመለስ ይቻላል፤ ግን አይቆዩ።

በየትኛው ቃል ለሚለው ጥያቄዎ የእኔ ምርጫ «ብልት» ነው። ቃሉ በመሠረቱ የአካል ክፍል ማለት ብቻ ነው፤ ሀፍረት በውስጡ የለበትም፣ ለወንድም ለሴትም ይሆናል፣ በጤና ጣቢያም በትምህርት ቤትም ቢነገር ሰው አያስደነግጥም። «እንትን» እና «እዚያ ታች» የሚሉትን ተዉአቸው፤ የጎዳዎት እነዚሁ ናቸው። በመንገድ የሚሰማው ጸያፍ ቃልም ለልጅ አይሆንም፤ አካሉ ጸያፍ ስለሆነ ሳይሆን ቃሉ ለስድብ ስለዋለ ነው። በነገራችን ላይ የወንድ ልጅ ብልት በየቤቱ የቁልምጫ ስም ሲወጣለት፣ የሴት ልጅ ግን ወይ ዝምታ ወይ ስድብ ብቻ የተረፈው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አብረን ብንጠይቅ ደስ ይለኛል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስታጥቧት ድምፅዎን ሳይለውጡ፣ ስለ ክርንና ስለ ጉልበት እንደሚያወሩት አድርገው ይጀምሩ። «ያን ቀን የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም፤ ጥያቄሽ ጥሩ ነበር። ይሄ ብልት ይባላል። እነዚህ ከንፈሮች ናቸው፤ የውጭና የውስጥ አሉ። ሽንት የሚወጣው በዚህች ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ከሥሯ ያለው ደግሞ ሌላ መንገድ ነው፣ ስታድጊ የወር አበባ የሚመጣበት፣ ሕፃንም የሚወለድበት። ከኋላ ያለው የዓይነ ምድር መውጫ ነው» ቢሏት ለስምንት ዓመት ልጅ በቂ ነው። ሦስቱ መውጫዎች የተለያዩ መሆናቸውን ሳያውቁ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ፣ ወልደውም ያላወቁ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ እርስዎም ከእነሱ አንዷ ከሆኑ አይፈሩ፣ ከልጅዎ ጋር አብረው ይማሩ። ከላይ ያለችው ትንሽ ጫፍ ምን እንደምትባል ከጠየቀችዎ «ቂንጥር» ይበሏት፤ ቃሉ ለስድብ ቢውልም በመዝገበ ቃላት ያለ ትክክለኛ ስም ነውና ለተሳዳቢዎች ጥለንላቸው የምንሄድበት ምክንያት አይታየኝም። ከዚያ ገመናውን ያክሉበት፤ «ይሄ ያንቺ ነው፤ ስትታመሚ እኔ ባለሁበት ሐኪም ሊያይሽ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ ማንም ቢነካሽ ወይም አሳዪኝ ቢልሽ፣ የምናውቀው ሰው እንኳ ቢሆን፣ ለእኔ ትነግሪኛለሽ፤ አልቆጣሽም»። አልቆጣሽም ያሉትን ለመፈጸም ደግሞ ይዘጋጁ፤ ልጅ የሚፈትነው እሱን ነው።

ስለ አስተጣጠቡም አንድ ነገር ልበል፤ ሀፍረት ብዙ ጊዜ በንጽሕና ስም ይመጣልና። ውጫዊውን ክፍል በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይበቃል። ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ ራሱን ያጸዳል፤ በውስጡ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመረቱ ጎጂዎቹን ይከላከላሉ፣ በሳሙና ወይም ሽታ ባለው ፈሳሽ ውስጡን የምታጥብ ሴት እነሱን ገድላ ለኢንፌክሽን በር ትከፍታለች። የራሱ የሆነ ቀላል ጠረንና ፈሳሽ ያለው መሆኑ ቆሻሻ አያሰኘውም። ለሚያሳክከው ቆዳዎም ሳሙናው እንደማይበጀው ከወዲሁ ይወቁ።

ስለ ከንፈሮቹ የጻፉት ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ «ካነሣሁት አይቀር» ተብሎ በመጨረሻ መምጣቱ ልቤን ነክቶታል፤ ዕድሜ ልክዎን የተሸከሙት እሱን ነውና። እ.ኤ.አ. በ2005 በለንደን የታተመ አንድ ጥናት የ50 ሴቶችን ብልት ለካ፤ የውስጠኛው ከንፈር ስፋት ከ7 ሚሊ ሜትር እስከ 50 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም ከ20 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ድረስ ይለያይ ነበር። እነዚህ ሁሉ ጤነኛ ሴቶች ናቸው። የአንዷ ከሌላዋ በሰባት እጥፍ ሰፍቶ ሁለቱም ደኅና ከሆኑ፣ የእርስዎ አንዱ ከሌላው መርዘሙ እንደ ሁለት ጆሮ ፍጹም እኩል አለመሆን ነው። ከውጭኛው ከንፈር አልፎ መውጣቱ፣ ከቀረው ቆዳ ጠቆር ማለቱ፣ መሸብሸቡም የተለመደ ነው። ጉድለት ያለብዎ የመሰለዎት የሌላ ሴት አይተው ስላነጻጸሩ አይመስለኝም፤ ምንም ስላላዩ ነው። የሚያሳዩትም የወሲብ ፊልሞች ሆነው፣ እነሱ ደግሞ ተመርጦና ተስተካክሎ የቀረበ አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ስለሚያሳዩ፣ ዛሬ ብዙ ወጣት ሴቶች ጤነኛ ከንፈራቸውን ለማስቆረጥ ገንዘብ ይከፍላሉ። የአሜሪካ የማኅፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲህ ያለው ለመልክ ሲባል ብቻ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ደኅንነቱም ጥቅሙም በማስረጃ እንዳልተረጋገጠ አስጠንቅቋል። ልብስ ሲነካው የሚያምዎት ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሐኪሙ ይንገሩት። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቅርጹ እንዲህ የሆነው ከልጅነትዎ ጀምሮ ነው ወይስ ማሳከኩ ከጀመረዎት ወዲህ ተለውጧል? ከተለወጠ ለሐኪሙ ከሚነግሩት ነገር ሁሉ ዋናው እሱ ነው።

እናትዎን ስለማስረዳት። ክርክር አልመክርዎም፤ የእናት ሀፍረት በክርክር አይለቅም። መጀመሪያ የፈሩትን ነገር ያክብሩላቸው፤ የልጅ ልጃቸው እንዳትባልግ፣ ሰው እንዳይስቅባት ፈርተው ነው። ከዚያ ዝምታው ምን እንዳደረገ ያሳዩአቸው። በዓለም ላይ ዛሬ በሕይወት ካሉት ሴቶችና ልጃገረዶች መካከል ከ230 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ብልታቸው የተቆረጠ መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቋል። ካልተቆረጠ እያደገ ይሄዳል፣ ሲወለድ ሕፃኑን ይጎዳል፣ ሴቲቱን ዓይን አውጣ ያደርጋታል የሚሉት እምነቶች ሁሉ እድሜ ያገኙት ማንም አካሉን በስሙ ጠርቶ እንዲህ አይደለም ለማለት ስላልደፈረ ነው። ያልተማረ ሰው ብቻ አይደለም ያመነው፤ በለንደን አይዛክ ቤከር ብራውን የተባለ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ቂንጥር መቁረጥ የነርቭ ሕመምን ያድናል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1866 መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ በዓመቱ ከሙያ ማኅበሩ ተባረረ፤ ከተባረረባቸው ምክንያቶች አንዱም ሴቶቹንና ባሎቻቸውን በቅጡ ሳያስፈቅድ መቁረጡ ነበር። የድንግልና ሽፋን የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ሽፋን ይባል እንጂ የሚሸፍነው ነገር የለም፤ በመግቢያው ዙሪያ ያለ፣ መካከሉ ክፍት የሆነ ስስ ሥጋ ነው፣ ባይሆንማ የወር አበባ በየት ይወጣ ነበር? ቅርጹ ከሴት ሴት ይለያያል፤ ብዙ ሴቶች በመጀመሪያ ግንኙነት አይደሙም። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቀር ጠይቀዋል። በስዊድን የሥነ ወሲብ ትምህርት ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሽፋን የሚለውን ስም ትቶ አክሊል እንደማለት ያለ አዲስ ስም አወጣለት። ስዊድናውያኑም ስም መለወጥ ነገር ይለውጣል ብለው ካመኑ፣ እንዲህ የማምነው እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጫኑባቸው። ይልቅ ስለ ሕመምዎ ይንገሯቸው። «እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያመመኝን ለሐኪም መናገር አቅቶኝ ማኅፀኔን ነው አልኩት» ይበሏቸውና ዝም ብለው ይጠብቁ። ምናልባት ይቆጡ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ እሳቸውም ለማንም ሳይነግሩ የተሸከሙት ሕመም ይኖራል፤ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ድርቀትና ማቃጠል፣ ሲያስሉ የሚያመልጥ ሽንት፣ ማኅፀን ወደ ታች መውረድ፣ ሁሉም ሕክምና ያላቸው ሆነው ሳለ በዕድሜ እየተሳበበ የሚደበቁ ናቸው። ያነጋገርዎት እንደሆነ ዝም አይነቅዝም ያሉትን አያስታውሷቸው፤ ራሳቸው ያስታውሱታል። በልጅቱ ፊት ግን «ነውር» የሚለውን ቃል በዚህ ጉዳይ እንዳይደግሙት በአክብሮት፣ በቁርጥም ይጠይቋቸው፤ በምትኩ «ገመናሽ ነው» ቢሏት የሚፈልጉትን ጨዋነት ሳያጡ ልጅቱም ሰውነቷን አታጣም።

ዛሬ ማታ ብቻዎን ሲሆኑ፣ በቂ ብርሃን ባለበት፣ በእጅ መስታወት ይመልከቱ። ነጣ ያለ፣ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ የት እንደሆነ ያስተውሉ። ከዚያ የማኅፀንና ፅንስ ወይም የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይያዙ፤ ሴት ሐኪም የሚቀልዎት ከሆነ ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው። አፍዎ እንደገና እንዳይከዳዎት ይህን በወረቀት ጽፈው ይያዙና ካስፈለገ ወረቀቱን ይስጡት፦ «የሚያሳክከኝ ውጫዊው ብልቴ ላይ ነው፤ ከጀመረኝ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሌሊት ይብሳል፤ የፈንገስ ቅባት ተቀብቼ አልተሻለኝም፤ እባክዎ ይዩልኝ።»